እንዴት ይሠራል? በወረቀት ላይ ያለ ቀለም ሰውን የሚያስለቅሰው በምን ብልሃት ነው?

በ1987 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የኬንያ ፖሊስ ማቲጋሪ የሚባል ሰው እንዲይዝ ታዞ ነበር። ከመካከለኛው የኬንያ ክፍል የመጣው ወሬ ባለሥልጣናቱን አሳስቧቸዋል። ሰውየው አገሩን እየዞረ እውነትና ፍትሕ የት እንደሚገኙ ይጠይቃል፤ ገበሬውም ስለ እሱ ያወራል ተባለ። ሲጣራ ማቲጋሪ በሥጋ የሌለ፣ ከደራሲ ብዕር የተወለደ ገጸ ባሕርይ ሆኖ ተገኘ። ሰውየውን ማሰር ስላልተቻለ መጽሐፉ ታሰረ፤ ፖሊስ መጻሕፍት መደብሮችን ዞሮ ቅጂዎቹን ለቀመ። ይህን የነገረን ደራሲው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ራሱ ነው። ማቲጋሪን በኪኩዩ ቋንቋ ጽፎ በ1986 እ.ኤ.አ. ናይሮቢ ላይ ካሳተመ በኋላ፣ ለእንግሊዝኛው ትርጉም ባሰፈረው ማስታወሻ ላይ ተርኮታል።

ንጉጊ የነበረው ብዕርና ወረቀት ብቻ ነው። ታዲያ የሌለ ሰው በሰው አፍ እንዲኖር፣ አልፎም እንዲፈለግ ያደረገው ምንድን ነው? አንዳንዱ ‹ተሰጥኦ ነው› ብሎ ያልፈዋል። ተሰጥኦ መኖሩ አይካድም፤ ነገር ግን ሥራው የሚሠራው በብልሃት ነው፤ ብልሃቱ ደግሞ እንደ ማንኛውም ሙያ ተፈታትቶ ሊታይ ይችላል።

ምስጢሩ በአጭሩ ይህ ነው፤ ጎበዝ ጸሐፊ ሥራውን ሁሉ ራሱ አይጨርስም፤ ለአንባቢው የሚሞላው ነገር ይተውለታል። ‹እንቆቅልህ› የሚለውን ልጅ አስቡ። መልሱን ያውቀዋል፣ ግን ይደብቀዋል። ‹ምን አውቅልህ› ያለው ደግሞ ሲያወጣ ሲያወርድ ቆይቶ መልሱን ሲያገኘው ያወቀው እንጂ የተነገረው አይመስለውም፤ ስለዚህም አይረሳውም። ከዚህ በታች የምናያቸው ብልሃቶች ሁሉ የሚለያዩት ጸሐፊው በሚደብቀው ነገር ነው።

መጀመሪያ፣ ብልሃት የሌለበት ዓረፍተ ነገር

ለሙከራ አንድ የፈጠራ ታሪክ እንያዝ። በናይሮቢ ኢስሊ ሰፈር የምትኖር አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት አለች እንበል። ልጇ ወደ ደቡብ አፍሪካ ጉዞ ተነሥቶ ድምፁ ጠፍቷል። እናትየዋ የፈጠራ ብትሆንም መንገዱ እውነተኛ ነው። ብዙ የአገራችን ወጣቶች በሞያሌ ገብተው፣ ኬንያንና ታንዛኒያን አቋርጠው ወደ ደቡብ ይጓዛሉ። በዚያ መንገድ የቀሩም አሉ።

ጀማሪ ጸሐፊ ይህን እንዲህ ሊጽፈው ይችላል፤

‹እናትየዋ ልጇ ከጠፋ ጀምሮ በጣም አዝናለች፤ ሐዘኗም ልብ ይሰብራል።›

ዓረፍተ ነገሩ ስሕተት የለበትም። ይሁን እንጂ ማንንም አያስለቅስም። እናትየዋ ምን እንደሚሰማት ነግሮናል፤ እኛም ምን ሊሰማን እንደሚገባ አዞናል። ለአንባቢ የተረፈ ሥራ የለም።

አንድ፦ ስሜቱን ደብቆ ዕቃውን ማሳየት

አሁን ‹አዘነች› የሚለውን ቃል እናውጣውና ቡና እናፍላ።

‹ቡናው ሲደርስ ሦስት ሲኒ ቀዳች። ጎረቤቷ የራሷን አነሣች፤ እሷም የራሷን። ሦስተኛው እንፋሎቱ እስኪጠፋ ድረስ ረከቦቱ ላይ ቆየ።›

ሐዘን የሚል ቃል የለም፤ ልጅ የሚል ቃልም የለም። ነገር ግን አንባቢ ‹ሦስተኛው ሲኒ የማን ነው?› ብሎ ይጠይቃል፤ ጠይቆም ራሱ ይመልሳል። በዚያች ቅጽበት ሐዘኑ ከእናትየዋ ወደ አንባቢው ይሻገራል።

ዕቃው ግን እንዲሁ አይመረጥም። ‹ክፍሉ ውስጥ ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ መጋረጃ ነበር› ብንል ቆጠራ ነው። የተመረጠው ዕቃ ሰውየው ሊናገር ያልቻለውን መናገር አለበት። ሜጃ ምዋንጊ በ1976 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ‹ወደ ሪቨር ሮድ ቁልቁል› ሊባል በሚችለው የናይሮቢ ልብ ወለዱ ለዚህ አንድ ሕንጻ መረጠ። ቤን እና ኦቾላ የሚባሉ የቀን ሠራተኞች ሃያ አራት ፎቅ ያለው ሕንጻ ይገነባሉ፤ የሕንጻው ስም ‹የልማት ቤት› ነው። ሕንጻው ፎቅ በፎቅ ሲያድግ የሚገነቡት ሰዎች ኑሮ ካለበት ፈቀቅ አይልም። ምዋንጊ ስለ ነጻነት ማግሥት ኬንያ የሀብት ክፍፍል ንግግር ማድረግ አላስፈለገውም። አንባቢ ቀና ብሎ ሕንጻውን፣ ዝቅ ብሎ ጎጆዎቹን እንዲያይ አደረገና ሒሳቡን ለእሱ ተወው።

ሁለት፦ የሚያወራው ማን ነው?

አንድ ታሪክ ተራኪው ሲለወጥ ሌላ ታሪክ ይሆናል። እናትየዋ ራሷ ‹እኔ› ብላ ብታወራ የምናውቀው የምታውቀውን ብቻ ነው። ‹እሷ› ብሎ ከላይ የሚተርክ ሰው ሁሉን ሊያይ ይችላል፤ በዚያው ልክ ይርቃል። ደፈር ያለ ጸሐፊ ደግሞ ሕንጻው ሁሉ እንዲያወራ ያደርጋል፤

‹እኛ የዚህ ሕንጻ ሰዎች ደረጃው ላይ ስናገኛት ስለ ውኃ መጥፋት እናወራታለን። ውኃው ከመጣ ሰንብቷል።›

ሁለተኛዋን ዓረፍተ ነገር ልብ በሉ። ተራኪዎቹ ልጁን ላለማንሣት እየሸሹ መሆናቸውን አልነገሩንም፤ ሲሸሹ ግን ያዝናቸው። ‹እኛ› የሚለው አተራረክ አንባቢንም ከደረጃው ላይ ያቆመዋል፤ ዝምታው የጋራ ይሆናል።

በዚህ አተራረክ ናይሮቢ ላይ በብቃት የሠራችው ማኬና ኦንጄሪካ ናት። ‹ፋንታ ብላክከረንት› የተባለው አጭር ልብ ወለዷ በ2018 እ.ኤ.አ. ለአፍሪካ አጭር ልብ ወለድ የሚሰጠውን የኬን ሽልማት አሸንፏል። ታሪኩ ሜሪ ስለምትባል የናይሮቢ የጎዳና ልጅ ነው፤ የሚተርኩት ግን አብረዋት ጎዳና ላይ ያደጉት ሴቶች ልጆች በኅብረት ናቸው። ይቀኑባታል፣ ይወዷታል፣ ያሟታል። ሌሎቹ ትልልቅ ነገር ሲመኙ የሜሪ ምኞት የማያልቅ ፋንታ ነው። ተራኪዎቹ ራሳቸው ‹እዩልን፣ እዘኑልን› አይሉም፤ ኑሯቸው ለእነሱ ኑሮ ነው። ደንግጦ መሞላት ያለበትን የሚሞላው አንባቢው ነው። የዚያ ዓመት የዳኞች ሰብሳቢ አዲስ አበባ የተወለደው ደራሲ ዲናው መንግሥቱ ነበር፤ ሥራውን ሲያመሰግንም ለርካሽ ስሜት ቦታ አለመስጠቱን አንሥቷል።

እኛም ዘንድ እንግዳ ተራኪ አዲስ አይደለም። አቤ ጉበኛ በ1955 ዓ.ም. ባሳተመው ‹አልወለድም› ገና ከማሕፀን ያልወጣ ፅንስ እንዲናገር አድርጓል። ከማሕፀን ውስጥ ሆኖ የሚታይ ዓለም እኛ የለመድነው ዓለም አይሆንም፤ የለመድነውን ግፍ እንደ አዲስ እንድናየው ያስገድደናል። መጽሐፉ መታገዱም ብልሃቱ መሥራቱን ያሳያል።

ሌላው መንገድ አንባቢ ሙሉ በሙሉ ሊያምነው የማይችለውን ተራኪ ማቆም ነው። ይቮን አዲያምቦ ኦውር በ2003 እ.ኤ.አ. የኬን ሽልማት ባገኘችበት ‹የሹክሹክታ ክብደት› ሊባል በሚችለው ታሪኳ፣ ከሩዋንዳ ሸሽቶ ናይሮቢ የገባ አንድ ባለ ማዕረግ ሰው በራሱ አንደበት ይተርካል። ስለ እሱ ሹክሹክታ አለ። የሚመዝነው አንባቢው ነው።

ሦስት፦ አንባቢ ምኑን መቼ ይወቅ?

ታሪክ በደረሰበት ቅደም ተከተል መነገር የለበትም። ጸሐፊው መረጃውን እንደ ገንዘብ ነው የሚመነዝረው፤ መቼ፣ ለማን፣ ስንት እንደሚሰጥ ያሰላል።

በእኛ ባህል መርዶ ተደብቆ ቆይቶ በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ እንደሚነገር ሁሉም ያውቃል። ናይሮቢም ሆነ ሌላ ቦታ ያሉ ወገኖቻችን ይህንኑ ይከተላሉ። እንግዲህ በቡናው ታሪክ ላይ ከመጀመሪያው እንዲህ እንጨምር፤

‹ጎረቤቶቿ መርዶውን ከሰሙ ሁለት ቀናቸው ነው። ሽማግሌዎቹ ነገ ማለዳ ይመጣሉ። ዛሬ ቡና ጠርታቸዋለች።›

ከዚህ በኋላ እናትየዋ የምትለው ተራ ነገር ሁሉ ይከብዳል። ‹ስኳር ላሳንስልሽ?› ብትል እንኳ አንባቢ ይጨነቃል፤ እሱ የሚያውቀውን እሷ አታውቅምና። ልብ ሰቀላ የምንለው የሚፈጠረው በዚህ የእውቀት ክፍተት ነው። ክፍተቱ በተቃራኒውም ይሠራል፤ ገጸ ባሕርይው አውቆ አንባቢው ሳያውቅ ሊቆይ ይችላል።

ለሁለተኛው ዓይነት የንጉጊ ‹የስንዴ ቅንጣት› ጥሩ ማሳያ ነው። በ1967 እ.ኤ.አ. የወጣው ይህ ልብ ወለድ የሚካሄደው ኬንያ ነጻ በወጣችበት በዲሴምበር 12 ቀን 1963 ዋዜማ ባሉት ቀናት ነው። ሙጎ የሚባል ዝምተኛ ሰው አለ፤ መንደሩ እንደ ጀግና ያየዋል፤ በበዓሉ ላይ ንግግር እንዲያደርግም ይለምነዋል። ትረካው በምልሰት ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት እየተመላለሰ ይቆይና በቅኝ ገዢዎቹ የተሰቀለውን ታጋይ ኪሂካን አሳልፎ የሰጠው ራሱ ሙጎ መሆኑ ይገለጣል። ንጉጊ ይህን በመጀመሪያው ገጽ ቢነግረን ሙጎን ጠልተን መጽሐፉን እንዘጋ ነበር። ሰውየውን ካወቅነው፣ ፍርሃቱንና ብቸኝነቱን ከተረዳንለት በኋላ ስለነገረን ግን ለመፍረድ እንቸገራለን። ያ መቸገር የመጽሐፉ ዋና ውጤት ነው።

የአማርኛ ጸሐፊ በዚህ ረገድ የታደለ ነው። ግሱ ከዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ስለሚመጣ ልብ ሰቀላን በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ እንኳ መሥራት ይቻላል፤

‹እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ መነጽሯን ፈልጋ፣ ከየት እንደተደወለ አይታ፣ ስልኩን ዘጋችው።›

እስከ መጨረሻው ቃል ድረስ ታነሣዋለች ብለን ጠብቀናል።

አራት፦ አዝማች

ዘፈን ላይ አዝማቹ ሲመለስ ቃሉ ያው ነው፤ እኛ ግን በመካከሉ ያለውን ስንኝ ሰምተናልና ያው አይደለንም። በትረካም እንዲሁ ነው። እናትየዋ በመጀመሪያው ምሽት ለጎረቤት ልጅ ‹ስልኬን ቻርጅ አድርግልኝ› ትበለው። ተራ ጥያቄ ነው። በሦስተኛው ገጽ ትድገመው፤ ልማድ ይሆናል። መርዶው ከተነገረ፣ ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ በዚያው ምሽት ያንኑ ትበል። አንድ ፊደል ሳይለወጥ ቃሉ ሌላ ሆነ፤ የለወጠው የአንባቢው ትዝታ ነው።

ኬንያ ውስጥ ይህን ብልሃት በትምህርት ቤት ያስተዋወቀው የማርጆሪ ኦሉዴ ማክጎይ ‹የነጻነት መዝሙር› የተባለው ግጥም ነው። ማክጎይ በ1954 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ ወደ ኬንያ መጥታ፣ አግብታ፣ ናይሮቢ ላይ መጻሕፍት ስትሸጥና ስትጽፍ የኖረች ሴት ናት። ግጥሙ አቲየኖ ስለምትባል፣ በዘመዶቿ ቤት ያለ ደመወዝ ስለምታገለግል ልጅ ነው። ስሟ በየአንጓው እየተመለሰ ይጠራል። ሥራ ስትታዘዝ የተጠራው ስም በመጨረሻ ከሞተች በኋላም ይጠራል። ገጣሚዋ ዘመዶቹን አልከሰሰችም። ልጅቷን በሕይወትም በሞትም በአንድ ዜማ መጥራቷ ክሱን ለአንባቢ ሰጥቶታል።

በድምፅ የሚነበብ ጽሑፍ ይህን ኃይል ያጎላዋል። ‹ፍቅር እስከ መቃብር› በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ ያዳመጠ ትውልድ፣ የዓረፍተ ነገር ርዝመትና እረፍት ምን ያህል ስሜት እንደሚሸከም አስረጂ አያሻውም።

አምስት፦ ምፀት፣ ሰምና ወርቅ

በምፀት ጸሐፊው የሚደብቀው የራሱን አቋም ነው። የተጻፈው አንድ፣ የታሰበው ሌላ፤ መገልበጡ የአንባቢ ድርሻ።

‹ደላላው ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ነው። መንገዱ አጭር ነው ብሎ ነበር፤ ለልጇም አጠረ።›

ቅኔ ለለመደ ጆሮ ሰሙና ወርቁ ወዲያው ይለያል። ‹ደላላው ጨካኝ ነው› ከሚለው የበለጠ የሚያመው፣ ጭካኔውን ፈልጎ ያገኘው አንባቢው ስለሆነ ነው።

የናይሮቢው የምፀት ጌታ ቢንያቫንጋ ዋይናይና ነበር። በ2003 እ.ኤ.አ. ‹ኳኒ?› የተባለውን የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ናይሮቢ ላይ ከመሠረቱት ዋነኛው ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. ግራንታ በተባለው የእንግሊዝ መጽሔት ላይ ስለ አፍሪካ እንዴት እንደሚጻፍ የሚያስተምር የሚመስል ጽሑፍ አወጣ። ጽሑፉ የመመሪያ መጽሐፍ ቅርጽ አለው። አፍሪካን እንደ አንድ አገር ቁጠራት፣ የፀሐይ መጥለቂያ አትርሳ፣ የተራበ ሕዝብ ጨምር የሚል ዓይነት ምክር በትሕትና ይደረድራል። አንባቢ እየሳቀ ይሄድና አንዱ ምክር ላይ ሲደርስ ይህን ራሱ አንብቦ፣ ምናልባትም አድንቆ እንደነበር ይገነዘባል። ቢንያቫንጋ ተቆጥቶ ቢጽፍ ኖሮ የሚነካቸው ሰዎች ክርክር ይገጥሙት ነበር። የራሳቸውን ልማድ እንደ ሕግ ሲያነብላቸው ግን የሚከራከሩት ከማን ጋር ነው?

ሰምና ወርቁ ወደ ሙሉ ታሪክ ሲሰፋ ተምሳሌት ይሆናል። ፍራንሲስ ኢምቡጋ በ1976 እ.ኤ.አ. በታተመው ‹ክህደት በከተማው› ሊባል በሚችለው ተውኔቱ ካፊራ የምትባል የሌለች አገር ፈጠረ፤ ተመልካች የትኛዋ እንደሆነች ለማወቅ አልተቸገረም። ማቲጋሪም በዚሁ መንገድ የተሠራ ነው። ንጉጊ በመግቢያው ላይ ታሪኩ ምናባዊ መሆኑን ገልጾ፣ የት አገርና በየትኛው ዘመን እንደሆነ አንባቢው ወይም አድማጩ ራሱ እንዲመርጥ ፈቅዷል። ለአንባቢ ሥራ መተው ከዚህ በላይ በግልጽ ሊነገር አይችልም፤ አንባቢዎቹም የመረጡት የራሳቸውን አገር ነበር።

እኛ አገር በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ‹ኦሮማይ›ን ሲያወጣ አንባቢ የገጸ ባሕርያቱን ስም እያነሣ በእውነተኛ ባለሥልጣናት መተካት ጀመረ። መጽሐፉ ታገደ፤ ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። የአንባቢን አእምሮ ሥራ ማስያዝ ዋጋ ሊያስከፍል እንደሚችል ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም።

ብልሃቱ የማይሠራው መቼ ነው?

ሦስት ቦታ ላይ ይከሽፋል። አንደኛው ጸሐፊው ዕቃውን ካሳየን በኋላ ‹ሲኒው የልጇ ምሳሌ ነበር› ብሎ ሲያብራራ ነው፤ የሰጠንን ሥራ መልሶ ቀማን። ሁለተኛው ብልሃቱ ሲበዛ ነው። በአንድ አንቀጽ አምስት ተለዋጭ ዘይቤ የደረደረ ሰው እናትየዋን ሸፍኖ ራሱን ያሳያል። ሦስተኛው የተተወው ክፍተት ከአንባቢው አቅም ሲሰፋ ነው። ረከቦት አይቶ ለማያውቅ ሰው ሦስተኛው ሲኒ ምንም አይነግረውም፤ ስለዚህ ጸሐፊ ለማን እንደሚጽፍ ማወቅ አለበት።

ያው መሣሪያ በሌላ እጅ

እነዚህን ብልሃቶች የሚጠቀመው ደራሲ ብቻ አይደለም። የዕርዳታ ማስታወቂያ የአንድ ልጅ ዓይን አጉልቶ ሲያሳይ ዝርዝር እየመረጠ ነው። ፖለቲከኛ ‹እኛ› ሲል ተራኪ እየመረጠ ነው፤ አንዱን መፈክር ሲደጋግም አዝማች እያስለመደ ነው። ደላላውም ለልጁ ያወራለት የደረሱትን እንጂ የቀሩትን አልነበረም፤ አንባቢ ምኑን ይወቅ የሚለውን ጥያቄ አሳምሮ መልሶታል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ሐቀኛ ጸሐፊ የተወውን ክፍተት መርምራችሁ ሌላ መልስ ብታገኙለት አይከፋውም። አታላዩ ግን ክፍተት ያለ አስመስሎ አንድ መውጫ ብቻ ትቶላችኋል።

ስለዚህ ቀጥሎ የምታነቡት ነገር ሲያስለቅሳችሁ፣ ሲያስቃችሁ ወይም ሲያስቆጣችሁ ሁለት ገጽ ወደ ኋላ ተመለሱና ሦስት ነገር ጠይቁ። የሚያወራልኝ ማን ነው? ሳይነግረኝ የቀረው ምንድን ነው? የቀረውን የሞላሁትስ እኔ ነኝ ወይስ ተሞልቶ ነው የደረሰኝ? መጻፍ የሚያምራችሁ ደግሞ ዛሬ ማታ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ ከውስጡ የስሜቱን ቃል አውጡና በቦታው አንድ ዕቃ አስቀምጡ። ከዚያ ለቤተሰብ አንብቡት፤ ማብራሪያ ሳይጠይቁ ከገባቸው ሠርቷል።